ደብረ ብርሃን ለሚማር ልጅ በእግር የሚደረስበት ክፍል፦ አንድ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

መነሻ ጥያቄ

ታናሽ እህቴ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደብረ ብርሃን በሚገኝ የግል ኮሌጅ ትማራለች። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማሩ ልጆች ማደሪያ ስለሚሰጣቸው የቤት ነገር ያን ያህል አያስጨንቃቸውም፤ በግል ኮሌጅ፣ በቴክኒክና ሙያ፣ በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚመዘገቡት፣ እንዲሁም ከየወረዳው መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚከታተሉት ግን ክፍል ከመከራየት ሌላ አማራጭ የላቸውም። በመሆኑም ከተማውን የምታውቁ ሰዎች ክፍል በየትኛው ሰፈርና በምን መንገድ እንደሚገኝ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊትም ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት እንድትነግሩኝ በአክብሮት ጠየቅሁ።

ጥያቄውን ሳቀርብ የራሴንም አቋም አልደበቅሁም። ለተማሪ ክፍል ሲፈለግ ከኪራዩ አስቀድሞ መለካት ያለበት የእግር መንገዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኮሌጁ በር እስከ መኝታዋ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚያስኬድ ቤት ምንም ያህል ቢረክስ ለእሷ ርካሽ አይደለም። በወር 22 የትምህርት ቀናት ቢኖሩና ሁልጊዜ በባጃጅ ብትመላለስ 44 ጊዜ ትከፍላለች፤ ራቅ ባለ ሰፈር በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በዚያ ያልቃል። የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ወቅት ደግሞ ባጃጁ ራሱ አይገኝም። ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበኝ ከ12 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ የምትሄድበት መንገድ መብራት ያለውና ሰው የሚታይበት መሆን አለመሆኑ ነው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ሰው ኃይለ ማርያም ማሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ በሐሳቤ ከልብ እንደሚስማማ ገልጾ፣ እሱ ራሱ ቢመርጥ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብዙ የማይርቀውን የድሮውን መንደር እንደሚመርጥ ጻፈ። ምክንያቱ ሰፈሩ ከመኪና በፊት የተቆረቆረ በመሆኑ ገበያው፣ ወፍጮው፣ መድኃኒት ቤቱና የእንጀራ መሸጫው ሁሉ በእግር የሚደረስባቸው መሆናቸው ነው። ቤቶቹ ብዙዎቹ የጭቃ ናቸው፤ ሆኖም በደንብ የተመረገ ጭቃ ቤት ኮርኒስ ከሌለው የብሎኬት ክፍል ይልቅ ብርድን እንደሚከላከል መሰከረ። ይህ አስተያየት ለሌላ ከተማ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣባት ደብረ ብርሃን ግን ቤት የሚመርጥ ሰው ቸል ሊለው አይገባም።

ምላሽ 2

ሁለተኛዋ በትሕትና አረመችው። የሰፈር ስም መጥራት ብቻውን እንደማይጠቅም፣ ለአንዱ ኮሌጅ ቅርብ የሆነው ሰፈር ለሌላው ከከተማው ማዶ ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህ ፍለጋው ከኮሌጁ በር ተነሥቶ ወደ ውጭ መስፋት እንዳለበት አስረዳች። ርቀቱንም በጥር ደረቅ መሬት ላይ ለክቶ መወሰን እንደማይገባ አስጠነቀቀች፤ ጌጠኛ ድንጋይ ያልተነጠፈበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነሐሴ ላይ ጭቃ ሲሆን የሩብ ሰዓቱ መንገድ የግማሽ ሰዓት ይሆናል። እሷ ጠባሴ በሚባለው የከተማው ሰፈር ተከራይታ በነበረ ጊዜ መንገዱን የመረጠችው በአጭርነቱ ሳይሆን ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ሄዳ ካየችው በኋላ መሆኑን ጨምራ ጽፋለች። ምክሯን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ክፍሉን ማየት የሚገባን እህቴ በምትመላለስበት ሰዓት፣ በእግራችን ሄደን ነው።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ሰው በድለላ ሥራ የሚተዳደር መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ የትኛው ግቢ ውስጥ የትኛው ተከራይ መቼ እንደሚለቅ የሚያውቀው ደላላ ስለሆነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በየበሩ እያንኳኳ ከመንከራተት ኮሚሽኑን ከፍሎ ቢያርፍ እንደሚሻለው መከረ። ክፍያው ግን ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ እንጂ ቤት ለማየት ብቻ መሆን እንደሌለበት፣ ለማሳየት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመን ትተነው እንድንሄድ ራሱ አሳሰበ።

አራተኛው ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው። የኪራዩን ዋጋ የሚሰቅሉት ደላሎች እንደሆኑ፣ አከራይዋ ያላሰበችውን ዋጋ በጆሮዋ የሚያሰሟት እነሱ እንደሆኑ ከሰሰ። እሱ ክፍል ያገኘው የሰፈሩን ባለ ሱቅ፣ የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛና የዕድር ጸሐፊውን ጠይቆ ነው፤ የጠየቀውም ሌላው ተማሪ ሁሉ በሚሻማበት በመስከረም ሳይሆን የሚመረቁት ልጆች ዕቃቸውን በሚያስሩበት በሰኔ መጨረሻ ነው። ቁጣው ቢበዛም ስለ ጊዜው የሰጠው ምክር ከሁሉም ምላሾች ተግባራዊው ነው። ያው ክፍል ሰኔ ላይ የሚለምን ሲያጣ፣ መስከረም ላይ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ይጠይቀዋል፤ ደላላ መያዝ አለመያዝ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 5

ከመንዝ የጻፉ አንድ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ደብረ ብርሃን ልከው እያስተማሩ ነው። ለእሳቸው የቅርበት መለኪያው ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ መናኸሪያውም ነው። እናታቸው በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ደረቅ እንጀራ አዘጋጅታ በአውቶቡስ ትልካለች፤ ልጆቹ ስንቁን ከረዳቱ ተቀብለው በትከሻቸው ይዘው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ክፍሉ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ኩንታል ድንችና ለከሰሉ ጋሪ መከራየት ግድ ይሆንባቸው እንደነበር አስረዱ። ልጆቹ ከሌላ የአገራቸው ልጅ ጋር ሆነው አንዱን ክፍል ለሦስት ይጋራሉ፤ ኪራዩን፣ ውኃ መቅዳቱንና ወጥ መሥራቱን በተራ ተከፋፍለውታል።

ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሰሜን ሸዋ ከገጠር ወጥቶ የተማረ ሰው አብዛኛው በዚህ መንገድ ያለፈ ነው፤ የስንቁ መንገድ ሲቋረጥ፣ ማለትም መኪና ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ልጆቹ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው እንደሚራቡ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለእህቴ ክፍል ሳስብ ያልታየኝን አንድ መለኪያ እኒህ አባት አሳይተውኛል፦ ክፍሉ ከትምህርት ቤቱ እንደሚቀርብ ሁሉ ከቤተሰብ የሚመጣው ነገር ከሚያርፍበት ቦታም መቅረብ አለበት።

ምላሽ 6

ስድስተኛዋ ለአባትየው ያላትን አክብሮት ካስቀደመች በኋላ በጠንካራ ቃል ተቃወመች። በየከተማው በመናኸሪያ ዙሪያ መጠጥ ቤትና አልጋ ቤት ይበዛል፤ ወንዶች ልጆች ተጋርተው የሚኖሩበት ክፍል ለአንዲት የ18 ዓመት ልጅ መኖሪያ ይሆናል ማለት አይደለም። እሷ በተማረችበት ጊዜ ወደ ቤቷ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በጠጅ ቤቶች በር ያልፍ ስለነበር ማታ ማታ ረጅሙን ትዞር ነበር። ስለዚህ ለሴት ልጅ የሚለካው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ሳትፈራ የምትሄድበት የመንገዱ ክፍል ነው አለች። አባትየውም ቆይተው ሴት ልጃቸው በቀጣዩ ዓመት ስትመጣ ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉላት በአጭሩ መለሱ።

ምላሽ 7

ክርክሩ የጋለው አንዲት አከራይ ሲገቡበት ነው። ጡረተኛ ናቸው፤ በግቢያቸው ውስጥ ያሉትን አራት ሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪዎች አከራይተው ይኖራሉ። ሰው ሁሉ አከራይን እንደ ጨካኝ ቢያይም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ውስጥ ሮቶውን የሚሞሉት፣ ሽንት ቤቱ ሲሞላ የሚያስመጥጡት፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት ተነሥተው ሐኪም ቤት የሚወስዱት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ተማሪ ሲቀበሉ የሚጠይቁት የኮሌጅ መታወቂያ፣ ከቤተሰብ የአንድ ሰው ስልክና ስንት ሆነው እንደሚያድሩ ነው፤ ለአንድ ተብሎ የተከራየ ክፍል በወሩ አራት ሰው ሲያድርበት እንደሚያገኙት በምሬት ጻፉ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሰልን አይፈቅዱም፤ የግቢው በርም ማታ በ2 ሰዓት ይዘጋል።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10

የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚከለከልበትን ምክንያት ያስረዳን በኤሌክትሪክ ሙያ የተሠማራ ሰው ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ሲከፍል፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። አራት ተከራይና ባለቤቲቱ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ስለሚገባ፣ ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ከሚከፍሉት የበለጠ ይከፍላሉ። አከራይዋ ምድጃ የሚከለክሉት ከክፋት እንዳልሆነ፣ ተማሪውም የኤሌክትሪኩን ሒሳብ በክፍሉ አምፖል ቁጥር ሲከፍል ተበደልሁ የሚለው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ በዚህ ገባኝ። ባለሙያው ያቀረበው መፍትሔ በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገብቶ ሁሉም የተጠቀመበትን ያህል እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ዘጠነኛው ግን ዝም ማለት አልተቻለውም። በ2 ሰዓት በር የሚዘጋ ግቢ እስከ 3 ሰዓት የሚማር የማታ ተማሪን ውጭ እንደሚያሳድር፣ ኪራይ የከፈለ ሰው እንደ ልጅ ሊቆጠር እንደማይገባው፣ አከራዮች በተማሪ ላይ የሚያደርጉትን በመንግሥት ሠራተኛ ላይ እንደማይደፍሩት በተሰበረ ልብ ጻፈ። አከራይዋ ሲመልሱ ቃላቸውን አለዘቡ፤ የማታ ተማሪ መሆኑን አስቀድሞ ለነገራቸው ልጅ ቁልፍ እንደሚሰጡ፣ የሚያስቆጣቸው ሳይነገራቸው በእኩለ ሌሊት በር መደብደቡ እንደሆነ ገለጹ። የበሩ ሰዓት ስለዚህ ከኪራዩ እኩል በመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ ይገባል፤ ክፍሉን ከወደዱ በኋላ መስማቱ ለሁለቱም ወገን መጥፎ ነው።

ምላሽ 11 እና 12

አንድ የሕግ ተማሪ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ጠቀሰ። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው ብሎ ደመደመ።

የተከተለው ምላሽ ድምዳሜውን አረመ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ በመሆኑም ከአከራይ ጋር በሕግ ቃል ከመጋጨት በፊት ወደ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዶ አፈጻጸሙን መጠየቅ ይቀድማል። አዋጁ ቢሠራም ባይሠራም ግን ውልን በጽሑፍ አድርጎ በምስክር ማስፈረም፣ ኪራይን በባንክ ወይም በቴሌብር ከፍሎ ደረሰኙን ማስቀመጥ ማንም የማይከለክለው ጥንቃቄ መሆኑን አስገነዘበ። የክፍሉ መስኮት፣ ቁልፍ፣ ሶኬትና ግድግዳ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ በውሉ ጀርባ መጻፍና በስልክ ፎቶ ማንሣትም ሲለቁ ከሚነሣ ጭቅጭቅ ያድናል። ሕግን እንዲህ ከነወሰኑ የሚያስረዳ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 13፣ 14 እና 15

አሥራ ሦስተኛው ጸሐፊ የኪራይ መናሩን ሁሉ በተፈናቃዮች ላይ አላከከው። ይህን ያነበበች ሌላዋ፣ ከወለጋ ቤቷን ትታ የመጣች፣ ከምላሾቹ ሁሉ መራራ የሆነውን ምላሽ ሰጠችው። ተፈናቃይ አብዛኛው የሚኖረው በመጠለያ ጣቢያ መሆኑን፣ ክፍል የተከራየውም ያለውን ጥሪት አሟጦ መሆኑን፣ የእሷም ልጅ እንደ እሱ ልጅ ትምህርት ፈላጊ መሆኑን ነገረችው። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

አሥራ አምስተኛው ሰው ነገሩን ወደ ኋላ መልሶ አየው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መምህራኑና ሠራተኞቹ ቤት ፈላጊ ሆነዋል፤ የቢራ ፋብሪካዎቹ ተከትለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ተማሪ የሚፈልገውን ያንኑ አንድ ክፍል የሚፈልጉ ወጣት ሠራተኞችን አምጥቷል። ደመወዝ ያለው ሠራተኛና ከቤተሰቡ የሚላክለት ተማሪ ለአንድ ክፍል ሲወዳደሩ ተማሪው ከመሐል ወደ ዳር ይገፋል፤ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ክፍል ብርቅ የሆነውም በዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ኮሌጆች ፈቃድ ሲሰጣቸው ቢያንስ ለሴት ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ማደሪያ እንዲያዘጋጁ ወይም ከግቢ ባለቤቶች ጋር ተዋውለው የታወቁ ክፍሎችን ዝርዝር እንዲይዙ ሐሳብ አቀረበ። ኮሌጅ የመማሪያ ክፍሉን ብቻ አዘጋጅቶ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ሳይጠይቅ መመዝገቡ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ሐሳቡን የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያዩት እመኛለሁ።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18

ነርስ የሆነች ጸሐፊ ያነሣችው ጉዳይ ከኪራይ የራቀ ቢመስልም ለዚህች ከተማ ዋነኛው ነው። ምድጃ የተከለከለ ተማሪ በከሰል ያበስላል፤ ሲበርደው ማንደጃውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከሰል መጤስ ካቆመ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድለዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የሚሰማው ሰው ወዲያው በሩን ከፍቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ክፍል ሲታይ የሚከፈት መስኮት መኖሩን፣ ከክፍሉ ውጭም ማብሰያ የሚሆን ጥላ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ርቀቱ፣ ዋጋውና ውሉ ሁሉ ተሟልቶ ይህ በጎደለበት ክፍል እህቴ አትገባም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ብርድ መከላከያ ዞረ። አንዱ የከተማውን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲያመሰግን፣ ሌላው ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራውን ባና የሚስተካከለው እንደሌለ ተከራከረ፤ ባና ከባድ መሆኑንና ለማጠብ ማስቸገሩን ግን አልካደም።

ምላሽ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛዋ ማንም ያላነሣውን ጠየቀች፦ ተማሪ በሐምሌና በነሐሴ አገሩ ሲገባ የክፍሉ ኪራይ ምን ይሆናል? እሷ ሁለቱን ወር ሳትኖርበት መክፈል ከብዷት ክፍሉን ለቅቃ፣ መስከረም ላይ ስትመለስ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የነበረውን ቦታ አጥታ ዳር ወጥታለች። አከራይዋ እናት ለዚህ ራሳቸው መለሱ፤ በእሳቸው ግቢ ዕቃውን አንድ ጥግ ሰብስቦ ለሄደ ልጅ የሁለቱን ወር ኪራይ በግማሽ እንደሚቀበሉ፣ ክረምት ለሥልጠና ለሚመጡ መምህራን ክፍሉን በእነዚያ ወራት እንዲያከራዩት ከፈቀደላቸው ደግሞ ከእሱ ምንም እንደማይጠይቁ ነገሩን።

ይህ ስምምነት በቃል ቀርቶ በውሉ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፦ የትኞቹ ወራት በግማሽ እንደሚከፈሉ፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚቆልፍበት፣ ተማሪዋ በየትኛው ቀን ካልተመለሰች ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል። በሰኔ መጨረሻ ከእህቴ ጋር ደብረ ብርሃን እንመጣለን። ከኮሌጁ በር ተነሥተን በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስባቸውን ግቢዎች አመሻሽ ላይ በእግር እናያለን፤ አከራይዋ እናትም ከአራቱ ክፍሎች አንዱ የሚለቀቅ ከሆነና መንገዱ ከተመቻት ቀድመው እንዲያሳውቁን በትሕትና እለምናለሁ።